ቄጤማው ላይ የተበተነው ፈንዲሻ

ጤና ጣቢያው «ማን የት ቆሞ እንደነበር ጽፈው ያስገቡ» ብሎኝ ስለነበር ያን ቀን ዛሬም የማስታውሰው በዚያው ተራ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከአዳራሹ በር በስተቀኝ፣ ፈንዲሻ የሞላ ስፌት በሁለት እጇ ታቅፋ ቆማለች። ከአሊዩ አምባ የመጣችው የእህል ነጋዴ በመስኮቱ በኩል ናት። እማሆይ መካከል ላይ፣ ምሰሶው አጠገብ ቆመዋል፤ አሥር ወር የሆነው የልጅ ልጃቸው እግራቸው ሥር ቄጤማው ላይ ይድሃል። የቀሩት አሥራ አንድ ሴቶች ግድግዳውን ተከትለው ቆመዋል። እኔ ከፊት፣ የምስክር ወረቀቶቹ ከተደረደሩበት ጠረጴዛ ኋላ ነኝ። በሩ ክፍት ነው። ውጭ በቀበሌው ግቢ ማዳበሪያ ለመውሰድ ተራ የሚጠብቁ ገበሬዎች ወደ ውስጥ ያያሉ።

ይህን ሁሉ ጽፌ አስገባሁ። የት እንደቆምኩም ጽፌአለሁ። ከቆምኩበት ሆኜ ምን እንዳየሁ ግን አልጻፍኩም።

ደብረ ብርሃን ነው ተወልጄ ያደግሁት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ሕፃናት ማቆያ ተቀጠርኩ፤ ዕድሜዬም እዚያው አለቀ። እናቶች ወደ ፋብሪካ ሲገቡ ልጆቻቸውን ለእኛ ሰጥተው ይገቡ ነበር፤ ሲወጡ ይወስዳሉ። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንዲት ሕፃን በሽምብራ ቆሎ ታንቃ ሞታብናለች። ተራው የእኔ አልነበረም፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ነበርኩ። አናቷን እፍ አልን፣ ውሃ ሰጠናት፣ ስሟን ጠራን። የምናውቀው ያንን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ማቆያው ቆሎ እንዳይገባ ተከለከለ። ስለ ልጅቷም ማንም አንስቶ አያውቅም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሕፃን ሲታነቅ ምን እንደሚደረግ ለአሳዳጊዎች የሚያስተምር ሰው ሲፈለግ ተጠራሁ። ነርሶች አሠለጠኑኝ። ራሳቸው ለምን እንደማያስተምሩ ስጠይቃቸው፣ «እናቶቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ልጁን የምትይዘው አያት ናት። አያት ደግሞ የምትሰማው አሮጊት ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

አሻንጉሊቱን ከአሮጌ ጋቢ ራሴ ሰፋሁት። ሆዱን የሞላሁት በአሸዋ ነው። ጥጥ ብቻ ሲሆን ሴቶቹ እንደ ትራስ ያንጠለጥሉታል፤ ሲከብዳቸው እጃቸው ይጠነቀቃል። እሱን በዘንቢል ይዤ ወደ አንኮበር የሄድኩት ለሦስት ቀን ሥልጠና ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ሕፃን ትን ሲለው ምን እንደሚያደርጉ ጠየቅኋቸው።

«አናቱን እፍ እላለሁ» አለች ነጋዴዋ።

«ሻማ ነው እንዴ እፍ የምትይው?» አለቻት አጠገቧ ያለችው።

«አንቺስ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ጣቴን ሰድጄ አወጣለታለሁ።»

«ይቺን ጣትሽን? ወላሂ ከምትሰጂበትስ ቢታነቅ ይሻለዋል።»

ተሳሳቁ። እኔም ሳቅ መጥቶብኝ ነበር፤ አልሳቅሁም። ልጁ እያሳለ ወይም እያለቀሰ ከሆነ እንዲተዉት፣ ሳሉ ራሱ እንደሚያወጣው ነገርኳቸው። ድምፁ ከጠፋና ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ቆሞ መጠበቅ የለም። አንድ ሰው ለእርዳታ ይላካል። ልጁን ክንዳቸው ላይ በሆዱ ያስተኙታል፤ አገጩን ይደግፋሉ፤ ጭንቅላቱ ከደረቱ ዝቅ ይላል። ከዚያ በመዳፋቸው ሥር፣ በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ ይመቱታል። ካልወጣ በጀርባው ገልብጠው የደረቱን አጥንት መካከል በሁለት ጣት አምስት ጊዜ ይጫናሉ። እንደገና ጀርባውን፣ እንደገና ደረቱን። በዓይን የማይታይ ነገር በጣት አይፈለግም፤ ጣት ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

«ሕፃን ይመታል እንዴ?» አሉ እማሆይ።

ስለ እሳቸው ልናገር። የቄስ ሚስት ነበሩ፤ ባላቸው ሲሞቱ መነኮሱ። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ነው። ልጃቸው ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ተቀጥራ ስለምትሠራ የአሥር ወሩን ሕፃን የሚያሳድጉት እሳቸው ነበሩ። ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ አድርገው ይቀመጣሉ፤ ካልጠየቋቸው አይናገሩም። ከሠልጣኞቹ ሁሉ ልጅ ይዘው የመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የሚያስቀምጡበት ሰው አልነበራቸውም።

«ይመታል፣ እማሆይ» አልኩ። «ለመቅጣት አይደለም፤ ለማውጣት ነው።»

«ዘቅዝቄ?»

«ዝቅ አድርገው።»

ከዚያ በኋላ አልጠየቁም።

በምሳ ሰዓት እማሆይ ጥግ ይዘው ለልጁ አብሽ ሊሰጡት ተቀመጡ። እኛ አገር ሕፃን አብሽ አይጠጣም፤ ይጋታል። መዳፍ እንደ ጭልፋ ተደርጎ ከከንፈሩ ሥር ይደገናል፤ አብሹ መዳፉ ላይ ይንቆረቆራል፤ አፍንጫው ይያዛል፤ ልጁ ለመተንፈስ አፉን ሲከፍት ይገባል። እኔም ያደግሁት በዚሁ ነው። ልጁ ተንፈራገጠ፣ አንድ ጉንጭ ዋጠ፣ ሁለተኛው ትን አለውና ሳለ።

ተነሥቼ እጃቸውን ያዝኩ። «እማሆይ፣ ልጅ የሚሞተው እንዲህ ነው» አልኩ።

ሴቶቹ ዳቦአቸውን እንደያዙ ቀሩ። እማሆይ መዳፋቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ሰባት ልጅ በዚህ እጅ አሳድጌአለሁ» አሉ።

«ስንቱ ለወግ በቃ?»

ያን መጠየቅ አልነበረብኝም። መልሱን ስሰማ ደግሞ የባሰ ሆነብኝ።

«አምስቱ» አሉ።

ልጁን አዘሉትና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ከእኔ ጋር መሣቃቸውን ተዉ። «ተቆጪዋ መጣች» ሲባባሉ በመስኮት ሰማሁ።

እማሆይ ቀርተው ቢሆን አልፈርድባቸውም ነበር። ግን በማግሥቱ ከሁሉ ቀድመው የተገኙት እሳቸው ናቸው። ሌሎቹ ምሳ ሲበሉ አሻንጉሊቱን አንሥተው ለብቻቸው ይለማመዱ ነበር፤ ክንዳቸው ላይ አስተኝተው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እየቆጠሩ። አብሹንም በሻይ ማንኪያ፣ ልጁን ቀጥ አድርገው አስቀምጠው፣ በትንሽ በትንሹ ሰጡት። ይህን ሲያደርጉ ወደ እኔ አልተመለከቱም። እኔም ደግ አደረጉ አላልኳቸውም። ማለት ነበረብኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ለሕፃን የማይቀርቡትን ነገሮች በቃላቸው አስባልኳቸው። ነጋዴዋ እንደ ዘፈን እየደረደረች መራቻቸው፦ ቆሎ፣ ባቄላ፣ ኦቾሎኒ፣ ፈንዲሻ፣ አዝራር፣ ሳንቲም። «ፈንዲሻ» የሚለውን አሥራ ሦስቱም በአንድ ድምፅ ብለውታል። ሰምቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ መዝጊያው ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ገና ሥራ ከጀመረች ዓመት አልሞላትም፤ ራሷ ያዘጋጀችው የመጀመሪያ ሥልጠና በመሆኑ ድግስ አድርጋዋለች። ቄጤማ አስጎዝጉዛ፣ ድፎ ዳቦ አስደፍታ ነበር። የምስክር ወረቀቱን አድዬ ስጨርስ ሴቶቹ ለእልልታ ተነሡ። ልጅቷ ስፌቱን ታቅፋ ከበሩ በኩል መጣች።

ደስታ ሲሆን ፈንዲሻ ይበተናል። በልደት፣ በምርቃት፣ ሰው ከሩቅ ሲመጣ። ማንም ይህን ከጠዋቱ ትምህርት ጋር አላገናኘውም፤ ፈንዲሻው ለመባረክ እንጂ ለመበላት አልመጣምና። እኔ ግን አገናኝቼዋለሁ። ስፌቱን አየሁ፤ ቀጥሎ ልጁን አየሁ። አፌንም ከፍቼ ነበር።

ሦስት ቀን ሙሉ ተቆጪ ተብያለሁ። ሴቶቹ በዚያች ሰዓት ገና ከእኔ ጋር መሣቅ መጀመራቸው ነው። ልጅቷ ደግሞ ፊቷ በርቶ ወደ እኔ ታያለች፤ በእኔ ቀኝ ነው መበተን የጀመረችው፣ ለክብሬ። አፌን ገጠምኩ። ልጁን ማንሣት ብቻ ይበቃ ነበር። «እማሆይ፣ ልጁን አንሡት» ለማለት ሦስት ቃል ነው የሚያስፈልገው። ለእሳቸው ግን ሁለተኛ እንዲያ ያለ ነገር ለመናገር አልፈለግሁም።

ፈንዲሻው ነጭ ሆኖ አረንጓዴው ላይ ወረደ። እልል ተባለ። እማሆይም እልል አሉ፤ ከእግራቸው ሥር ያለውን ለማየት አላጎነበሱም።

መጀመሪያ ያየችው ነጋዴዋ ናት። ልጁ ተቀምጦ አፉን ከፍቷል፤ ድምፅ የለውም። ብድግ አድርጋ አናቱን እፍ አለችው፤ በእጇ ጠፍ ጠፍ አደረገችው። ያቺ ጠዋት ስትመራቸው የነበረችው። አንዷ ጣቷን ልትሰድ አፉን ያዘች። ሌላዋ ውሃ አምጡ ትላለች። የልጁ ከንፈር ጠቆረ። እኔ ጠረጴዛውን ይዣለሁ። ዞሬ እደርስለታለሁ ብዬ አስባለሁ፤ እግሬ ግን አልተነሣም።

«አምጪው» አሉ እማሆይ።

ነጋዴዋ ሰጠቻቸው። ምሰሶው ሥር በጉልበታቸው ተቀምጠው ልጁን ክንዳቸው ላይ በሆዱ አስተኙት፤ አገጩን ያዙ፤ ጭንቅላቱን ዝቅ አደረጉ። ጮክ ብለው ነው የቆጠሩት፣ እንዳስተማርኩት። አንድ። ሁለት። ሦስት። የምቱ ድምፅ እስከ ግቢው ይሰማ ነበር። በአራተኛው አንድ ነገር ከምራቅ ጋር ቄጤማው ላይ ወደቀ። አምስት አላሉም። ልጁ አለቀሰ።

እግሬ የተላቀቀው ያኔ ነው። ልጁን ተቀብዬ ጆሮዬን ደረቱ ላይ አደረግሁ፤ ትንፋሹ ያፏጫል። ቢያለቅስም ሐኪም ሳያየው ቤት እንዳይገባ አልኩ። በዚያው ዕለት በመኪና ደብረ ብርሃን ተወሰደ፤ ሆስፒታል የቀረውን ቅርፊት ከሳንባው አወጡለት። ከጥቂት ቀን በኋላ ተሻለውና ወጣ።

ነጋዴዋ ወደ አሊዩ አምባ ልትወርድ ስትል እጄን ይዛ፣ «እትዬ፣ እጄ ራሱ ነው የሄደው፤ እኔ አላዘዝኩትም» አለችኝ።

ከበር ውጭ የነበሩት ገበሬዎች ግን ያዩት ሌላ ነገር ነው። ያዩት አንዲት መነኩሲት ሕፃን ዘቅዝቃ ጀርባውን ስትመታ ነው። ወሬው በደብረ ብርሃን አድርጎ የልጁ አባት አገር ደነባ ደረሰ። ሲደርስ ደግሞ የእኔንም ቃል ይዞ ነበር። «አስተማሪዋ እንኳን፣ ልጅ ትገድያለሽ ብላ ፊት ለፊት ነግራታለች» ተባለ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደወለችልኝ። የልጁ አክስት ልጁን ደነባ ልትወስድ መጥታለች፤ የነፍስ አባታቸው ባሉበት ሊነጋገሩ ነው፤ ያየሁትን እንድናገር ተጠርቻለሁ። በጠዋቱ መኪና ሄድኩ። ልጅቷ አንኮበር መናኸሪያ ጠበቀችኝ። ጉም ስለነበር መንገዱን የምታውቀው እሷ ቀደመች።

«እትዬ፣» አለችኝ ሳትዞር፣ «ስለ ፈንዲሻው ካልጠየቁን እኛ አናንሣ። ሥራዬ ገና ቋሚ አልሆነም።»

ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ እሺታ ወሰደችው።

የእማሆይ ቤት አንድ ክፍል ነው። የነፍስ አባቱ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። የልጁ እናት ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቃ መጥታለች፤ ልጇን ታቅፋ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣለች፤ እኔም ከጎኗ ተቀመጥኩ። አክስትየው በርጩማ ላይ ናት፤ አዲስ የሕፃን ብርድ ልብስ በጉልበቷ ላይ አጥፋ ይዛለች። እማሆይ ግን ቤታቸው ሆኖ ሳለ ቆመው ነበር።

«እኔ እማሆይን አልነቅፍም» አለች አክስትየው። «ዕድሜ ነው። የወንድሜ ልጅ ግን ዘቅዝቆ የሚደበድበው ሰው ዘንድ አያድርም። ይኸው ብርድ ልብሱንም ይዤ መጥቻለሁ።»

እናትየው በጆሮዬ አጠገብ፣ «ደነባ ከሄደ አይመለስም» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላወቅሁም። ከደብረ ብርሃን በእረፍቷ ቀን አንኮበር ደርሳ ትመለሳለች። ደነባ በጥሩ ዓይን የማያያት አማቷ ቤት ነው።

የነፍስ አባቱ ወደ እኔ ዞሩ። «ይናገሩ እስቲ።»

«አልደበደቡትም» አልኩ። «ያዳኑት በዚያ ነው። እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው፤ ከሁላችንም አስታውሰው የሠሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ያ ባይሆን ልጁ ሆስፒታል አይደርስም ነበር።»

«ልጅ ይገድላሉ ያሏቸው እርስዎ አይደሉም?» አለች አክስትየው።

«ነኝ። ያ ስለ አብሽ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን። አብሹን በማግሥቱ ትተዋል።»

አክስትየው ሞኝ ሴት አይደለችም። «እሺ፣ መምታቱ ይሁን» አለች። «ታዲያ ልጁ እንዴት ታነቀ? ፈንዲሻ መካከል መሬት ላይ ጥለውት እልል ይሉ የነበሩት እሳቸው አይደሉም? የሦስት ቀን ትምህርት ተምረው?»

የነፍስ አባቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩ ትክክል መስሏቸዋል። እናትየው ልጁን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። በሩ አጠገብ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ መሬት ታያለች።

እዚያ ላይ ዝም ብል የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም። ወረቀቴም ገብቷል። ለእማሆይ የሚገባቸውን ተናግሬአለሁ ብዬ ወደ ደብረ ብርሃን መመለስ እችል ነበር።

«ፈንዲሻው ሲመጣ እማሆይ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር» አልኩ። «እኔ ፊት ለፊት ነበርኩ። ስፌቱንም ልጁንም አይቻለሁ። ምን እንደሚሆንም አውቃለሁ፤ ጠዋት ያስተማርኩት እሱን ነው። ማስቆም የነበረብኝ እኔ ነኝ። አላስቆምኩም።»

«ማነው የበተነው?» አሉ የነፍስ አባቱ።

«ሥልጠናው የእኔ ነበር።»

ልጅቷ ቀና አላለችም።

«አይተው ዝም አሉ?» አለች አክስትየው።

«አዎ።»

«ለምን?»

«ይሉኝታ ያዘኝ።»

ልጁ የእናቱን የነጠላ ጥለት በአፉ ይዞ ይጎትታል። እናትየው ከአፉ አወጣችለት። ከዚያ፣ «ልጄ እማዬ ዘንድ ይቆያል» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን ወደ አክስትየው እያየች ነው የተናገረችው። የነፍስ አባቱ፣ «እንግዲህ የእናት ቃል ነው፤ ጥፋቱም የእሳቸው አልሆነም» አሉ። አክስትየው አልተከራከረችም። ብርድ ልብሱን አንዴ አገላብጣ አየችውና አልጋው ላይ፣ ከልጁ አጠገብ አኖረችው።

እኔ ለመነሣት ዘንቢሌን ያዝኩ። አሻንጉሊቱ ውስጡ ነበር፤ ለምን ይዤው እንደሄድኩ አላውቅም። እማሆይ ያኔ ነው ወደ እኔ የዞሩት። ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ በቀጥታ ሲያናግሩኝ የመጀመሪያቸው ነው።

«እኔን በሰው ፊት የገሠጸ አፍ፣» አሉ፣ «ያን ዕለት የት ሄዶ ነበር?»

ቁጣ አልነበረበትም። ጠየቁኝ እንጂ።

ነጠላዬን አጣፋሁ፤ ለነፍስ አባቱ እጅ ነሣሁ፤ ልጅቷ ከበሩ ዘወር አለችልኝ፤ ወጣሁ።